በእናቴ ቀን የማይነበበው

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ዛሬ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የመብራት ቆጣሪ አንባቢውና እናቴ ብቻ ይመስሉኛል፤ እናቴም ብትሆን በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በየማለዳው ከዜና በፊት በራዲዮ ከሚያቀርባት አጭር ዝግጅት ነው። «ዛሬ» ይልና ትንሽ ያርፋል። ከዚያ ባለፉት ዘመናት በዚያ ቀን በዓለም ላይ ምን እንደሆነና ማን እንደተወለደ ይናገራል። የትኛው ንጉሥ ዘውድ እንደጫነ፣ የትኛው ድልድይ እንደተመረቀ፣ የትኛው ዘፋኝ ወይም የትኛው መድኃኒት ቀማሚ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ለቅሶውን እንዳለቀሰ ከአባቴ አፍ ያልሰማ የከተማችን ሰው የለም።

ሰውየው ሥራውን ቤት ይዞ የሚገባ ነው። ድስት ሲያር «በዚህ ቀን እኮ አንድ ሙሉ ከተማ ተቃጥሏል፤ ድስት ምን አላት» ይላል። ልጅ ሆኜ የፈተና ውጤቴን ይዤ እያለቀስኩ ስገባ፣ በዚያው ቀን የተወለደ፣ በሒሳብ ደጋግሞ የወደቀ አንድ ሊቅ ፈልጎ ያመጣልኛል። ያን ሁሉ ደደብ ሊቅ ከየት እንደሚያገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለቅሶዬን ግን ያስቆመኝ ነበር።

እናቴ ደግሞ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ጣሪያዋ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ያላት፣ በአስተማሪው በኩል ተጨማሪ ፍሬን የተገጠመላት ትንሽ መኪና አለቻት። ማለዳ ላይ አባቴ «ዛሬ» ሲል መኪናዋ የትም ትሁን የት «ዳር ያዝ፣ ሞተር አጥፋ» ትላለች። ተማሪው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ያዳምጣል። የከተማችን ታክሲ ነጂዎች ስለ ነገሥታት ልደት ከተሳፋሪ ጋር የሚከራከሩት ለዚህ ነው።

እኔ የሁለቱ አንድያ ልጅ ነኝ። እዚያው ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሺያን ሆኜ እሠራለሁ። ከስቱዲዮው መስተዋት ወዲህ ተቀምጬ የአባቴን ማይክ የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ስለሆንኩ፣ በዚህ ዓለም ላይ አባቴን ዝም ማሰኘት የምችል ብቸኛ ሰው ነኝ እያልኩ እፎክራለሁ። አባቴ በሥራው ላይ የማይለውጠው አንድ ሕግ አለው። ሁለት ምንጭ የሌለው ነገር አይነበብም። አንድ ሰው ሊሳሳት፣ ሊያሳምር፣ ሊዋሽም ይችላል፤ ሁለት ሰው ተለያይቶ አንድ ነገር ካለ ግን ነገሩ ሆኗል ማለት ነው ይላል። ከሥሩ ያለፈ አንባቢ ሁሉ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ያውቀዋል።

ጣቢያው የተቀጠርኩ ሰሞን ደረጃው ላይ ለብቻዬ አስቆመኝና «የእናትሽ ቀን ሲደርስ እንዳትደነግጪ። በዚያ ቀን ሞት አይነበብም» አለኝ። የእናቴን የልደት ቀን ማለቱ ነው። ነገሩን ሲያስረዳኝ ገባኝ። ያ ቀን ጉድ ነው። ጎርፍ አንድ የሸለቆ ከተማ ጠርጎ የሄደው በዚያ ቀን ነው። መንገደኛ የሞላ መርከብ የሰጠመው በዚያ ቀን ነው። ቲያትር ቤት ከነተመልካቹ የተቃጠለውም በዚያው ቀን ነው። አባቴ ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ የተወለዱትን ብቻ ያነባል፤ ጅራታም ኮከብ ያገኘውን ሰው፣ ባሕር በዋና ያቋረጠችውን ሴት፣ ለዓይነ ስውራን ሰዓት የሠራውን ሰው። «አልዋሽም፤ እመርጣለሁ እንጂ» አለኝ፣ እንደ ሕፃን አይን አይኔን እያየ።

ምክንያቱም ይህ ነው። እናቴን የወለደቻት ሴት የሞተችው በዚያው ቀን፣ በወሊድ ነው። እናቴን አክስቷ አሳደገቻት፤ አክስትየዋ ደግሞ ያ ቀን በመጣ ቁጥር በሯን ዘግታ ትውላለች እንጂ ትንፍሽ አትልም ነበር። አባቴና እናቴ ሲተዋወቁ እናቴ «የልደቴን ቀን አትጠይቀኝ፤ መጥፎ ቀን ነው» አለችው። ያኔ ገና ጀማሪ አንባቢ ነበር። «እኔ ጥሩ ቀን አደርግልሻለሁ» አላት። ሲወድ እንዲህ የማይል ወንድ የለም። አባቴ ግን ቃሉን ለመጠበቅ ዕድሜ ልኩን ታሪክን እንደ እህል ሲያበጥር ኖረ። በዚህ በጣም እወደዋለሁ። ለእኔ እንዲህ የሚያበጥርልኝ ሰው ባገኝ ያን ቀን አገባ ነበር።

ዘንድሮ ጉሮሮው አመፀ። ድምፁ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሐኪሙ የድምፅ አውታሩ ላይ ያገኘውን ትንሽ እባጭ አወጣለትና እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ቃል እንዳይወጣው አዘዘ። ማንሾካሾክ እንኳ ክልክል ነው፤ እንዲያውም የባሰ ይጎዳል አለ። ቀጠሮው የዋለው ልክ በእናቴ ቀን ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ብናቀርብለት አኮረፈ። ዕድሜውን የተጻፈ ሲያነብ የኖረ ሰው መጻፍ ይጠላል ብሎ ማን ያስባል። «ጨው» ብሎ ከጻፈ በኋላ እስክሪብቶውን ወርውሮ ማንኪያ አነሳ። ብርጭቆውን አንዴ ከመታ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታ አይደለም። ቤታችን የቆርቆሮ ሠሪ ሱቅ መሰለ። እናቴ «ሰላሙን አገኘሁ ስል ጭራሽ ከበሮ መቺ አገባሁ» ትላለች፣ እየሳቀች።

በአባቴ ቦታ የገባው አንባቢ እኔ «ማስረጃ» የምለው ጎረምሳ ነው። ምን ብትነግሩት «ማስረጃ አለሽ?» ይላል። ዝናብ እየዘነበ ነው ብትሉት መስኮት ሄዶ የሚያይ ዓይነት ነው። የአባቴ ተማሪ ነው፣ ሁለት ምንጭ የሚለውን ሕግ ከአባቴ ብሶ ይዞታል። የእናቴ ቀን ሲቃረብ ስቱዲዮ ገብቼ በጨዋ ደንብ ለመንኩት፤ የተወለዱትን ብቻ አንብብልኝ አልኩት።

«ጎርፉስ?» አለኝ።

«ጎርፉን ተወው።»

«መርከቡስ?»

«አንተ ሰው፣ ተወው አልኩህ እኮ።»

«ይሄ የታሪክ ዝግጅት ነው ወይስ የልደት ካርድ?» አለ። «ጋሼን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን መርከቡ ላይ የነበሩትም ሰዎች ናቸው። ጎርፍ የወሰዳቸውም ወገን አላቸው። እኔ መዝለል አልችልም።»

ደሜ ፈላ። ልብ የለህም፣ ደረትህ ውስጥ ያለው የፋይል ሳጥን ነው አልኩት። ሌላም ሌላም አልኩት፤ እዚህ አልደግመውም። በጣም ያናደደኝ እውነት እንዳለው ስለገባኝ ነበር።

የድምፅ ሰው ነኝና ዘዴ አላጣሁም። ካለፈው ዓመት የአባቴን ቅጂ አወጣሁ። በዕለቱ ማስረጃ ማይኩ ፊት ሲቀመጥ ማይኩን ዘግቼ የአባቴን ድምፅ ልለቅ ወሰንኩ። ከሥራ ሊያስባርረኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ አውቄም ገባሁበት። ማታ ለአባቴ ሹክ ስለው ዓይኑ በራ። በማንኪያው አንዴ መታና ብርጭቆው ተሰነጠቀ።

በዋዜማው እናቴ ከተማሪ ስትመለስ ከጣቢያው በር ላይ ወሰደችኝ። ትንሽ እንደሄድን «አባትሽ ከትናንት ጀምሮ ክንፍ አውጥቷል። ምን እያሰባችሁ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

ፍሬቻ አሳየች፣ ዳር ያዘች፣ ሞተር አጠፋች። እናቴ ሞተር ካጠፋች በኋላ ምንም ነገር ደብቆ የወጣ ተማሪ የለም፤ እኔም አልቻልኩም። ጎርፉን፣ መርከቡን፣ ቲያትር ቤቱን፣ የማስረጃን እምቢታ፣ የአባቴን ቅጂ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ያልሰማችውን ጉድ በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩባት።

እናቴ ወደ ፊት እያየች መሪውን በመዳፏ ጠረገችው። «ጎርፉንም መርከቡንም አውቃቸዋለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሌላም ራዲዮ አለ እኮ፣ ልጄ።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«በዚያ ቀን የሚያነብበትን ድምፅ ታውቂዋለሽ አይደል? በሌላ ቀን እንደዚያ አያነብም። ያ ድምፅ ለእኔ ነው። እንዴት ብዬ ላጥፋበት?» አለች። ከዚያ «ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠብቃለሁ። ተወለደ፣ ተወለደች፣ ተወለደ ይላል። ብቻውን የሚወለድ አለ እንዴ? የወለደች አለች። የእኔዋ አንድ ቀን እንኳ ተነስታ አታውቅም። አክስቴ ሐዘኗን ፈርታ ዝም አለች። አባትሽ ለእኔ ብሎ ዝም አለ። እኔም ለእሱ ብዬ ዝም አልኩ። ሁላችን እየተሳሳን እሷን ረሳናት» አለች።

እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ አሁንም አላለቀሰችም፣ ድምጿ ብቻ ቀጠነ።

«አይታኝ ትሁን ሳታየኝ እንኳ አላውቅም» አለች። «ሰው ቢያንስ ይህን ያውቃል።»

ስለ እናቴ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የምትወደውን ሙዚቃ፣ የሚያሳክካትን ጨርቅ፣ የትኛው ጉልበቷ በብርድ እንደሚያማት። ይህን ግን በልቤ እንኳ ጠይቄው አላውቅም። እጇን ያዝኩት። እጄን ገፋ አድርጋ ሞተሩን አስነሳችና፣ መዞር በማይፈቀድበት ቦታ መኪናዋን አዙራ ወደ ጣቢያው ተመለሰች።

«ይህን ተማሪ ቢያደርገው እጥለዋለሁ» አለች።

ማስረጃ ስቱዲዮው ውስጥ የነገውን እያዘጋጀ ነበር። እናቴን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። እሱንም መኪና ያስተማረችው እሷ ናት፤ ፓርክ ማድረግ አልሆንለት ብሎ ስንት ጊዜ ፈተና አስደግማዋለች። እስከ ዛሬ እሷ ፊት እንደ ተፈታኝ ይቆማል።

«መምህርት፣ እንደምን ዋሉ» አለ።

«ደህና። ነገ ጎርፉን ታነባለህ?»

እኔን አየኝ፤ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቀልኩ። «አነባለሁ» አለ።

«ጥሩ ነው። አንብበው፣ አንዳችም እንዳትዘል። ግን አንድ ነገር ጨምርልኝ። በዚያ ቀን አንዲት እናት ሴት ልጅ ወልዳ ሞታለች።»

ማስረጃ እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ያዘንኩለት ያን ጊዜ ነው። «መምህርት፣ ይቅርታዎን፤ ሕግ ነው… ምንጭ?»

«እኔ ነኝ። እዚያው ነበርኩ» አለች እናቴ።

«እሺ። እሱ አንድ ነው።»

«ሁለተኛው ምንጭ ቤት ቁጭ ብሎ ብርጭቆ እየሰበረ ነው። ሊያገባኝ ሲል አክስቴ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ በር ዘግተው ብዙ አወሩ። ለእኔ ያልነገረችውን ለእሱ ነግራዋለች። ምን እንዳለችው ጠይቄው አላውቅም። ደውልለት።»

ማስረጃ ደወለ፣ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈተው። ስልኩ ተነሳ፣ ማንም አልተናገረም። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ለነገው ነው። የባለቤትዎ እናት በዚያ ቀን በወሊድ ማረፋቸው እውነት ነው? አዎ ከሆነ…»

ዝምታው ረዘመ። አባቴን አየሁት፤ ማለቴ አላየሁትም፣ ግን ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኩን የዘጋው በር ከውጭ ሲንኳኳ፣ ማንኪያውን ይዞ ቆሞ። እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና «እኔ ነኝ ያልኩት። ምታ፣ አይዞህ» አለችው።

አንዴ መታ። ቀስ ብሎ።

«ሁለት ምንጭ ሆነ» አለ ማስረጃ፣ እስክሪብቶውን መልሶ እያነሳ። «ስማቸውን ማን ብዬ ላንብብ?»

«ስሟን ለእኔ ተወው። ለሕዝቡ አንዲት እናት ማለት ይበቃል» አለችው።

በነጋታው የማለዳውን ሥራ ለባልደረባዬ ትቼ ቤት ቀረሁ። ቅጂውን አጠፋሁት። ሦስታችን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ራዲዮው እንደ ወትሮው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። አባቴ ሌሊቱን አልተኛም፤ ፊቱ ያበጠ ነበር። ማስረጃ «ዛሬ» አለ፣ እንደ አባቴ ሊያርፍ ሞከረ፣ አላወቀበትም። ጎርፉን አነበበ። መርከቡን አነበበ። ቲያትር ቤቱን ሲያነብ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፤ እናቴ ከጠረጴዛው በታች እጁን ያዘችው። ከዚያ የተወለዱትን፣ ባለጅራታሙን ኮከብ ሰውዬ፣ ዋናተኛዋን፣ ሰዓት ሠሪውን አነበበ።

ከዚያ እንዲህ አለ፦ «በዚህ ቀን አንዲት እናት ሴት ልጅ ወልዳ ሞተች። ልጅቷ አድጋ የዚህን ከተማ ግማሽ ሕዝብ መኪና መንዳት አስተማረች።» ትንሽ ቆመና፣ ከወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ጨመረ፦ «ይህን የሚያነብላችሁን ጨምሮ።»

የፋይል ሳጥን ያልኩትን በልቤ ይቅር በለኝ አልኩት።

ቤታችን ውስጥ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሆኖ አያውቅም። አባቴ ዝም እንዳለ እናቴ አወራች። ስለ እናቷ ከዘመድ አዝማድ የቃረመችውን ትንሿን ነገር ሁሉ አወጣች። ረጅም እንደነበረች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ጫማዋን ሁልጊዜ ግራውን አስበልጣ እንደምትጨርስ። እኔ ተነስቼ ጫማዬን አየሁት፤ የእኔም ግራው ያልቃል። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እናቴ ትናንት ለእኔ ያለችውን ለአባቴ ደገመችለት። «አንድ ነገር ብቻ ቢነገረኝ ብዬ እመኛለሁ። አይታኝ ይሁን።»

አባቴ ብድግ አለ። አፉን ሊከፍት ሲል ዘልዬ በመዳፌ ያዝኩት። «አባዬ፣ ሐኪሙ» አልኩት። በዓይኑ ለመነኝ፤ አልለቀኩትም። ወደ ዓይኑ አመለከተ፣ ወደ እናቴ አመለከተ፣ ደግሞ ወደ ዓይኑ። እናቴ «እሺ፣ እሺ፣ አላለቅስም» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ እንደዚያ አይደለም ማለቱ ነው። እስክሪብቶ ሰጠሁት። ያዘው፣ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ሰዓቱን አየና እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ለቀጠሮ እንዲህ ሲጣደፍ አይቼው አላውቅም።

የጉሮሮ ሐኪሙ መብራት አብርቶ ውስጡን አየና ደስ አለው። «በደንብ ድኗል። ግን ዛሬ ጥቂት ቃል ብቻ፣ በቀስታ። የቀረውን በየቀኑ ይጨምራሉ» አለው። እኔ አሁን ሐኪሙን ያመሰግናል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና አንድ ቃል ሳያወጣ ወጣ።

መኪናው ውስጥ እናቴ መሪውን ያዘች፣ እሱ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። «በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ ምን ልትል ነው?» አለችው። «መቼም ‹ዛሬ› ማለትህ አይቀርም።»

አባቴ በጣቱ የመንገዱን ዳር አሳያት።

ፍሬቻ አሳየች፣ ዳር ያዘች፣ ሞተር አጠፋች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ተማሪዎቿ ተቀመጠች። አባቴ ወደ እሷ ዞረ። የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር፤ ያንን ድምፅ በየማለዳው ስቆጣጠር የኖርኩት እኔ እንኳ ከአፉ ሲወጣ ባላይ አላውቀውም ነበር።

«እናትሽ» አለ። ሁልጊዜ በራዲዮ እንደሚያርፈው አረፈ። «‹ስጡኝ› አለች። ሰጧት። አይታሻለች።»

አክስትየዋ ያን ቀን በር ዘግታ የነገረችው ይህን ነው። እናቴ ስላልጠየቀችው የምትፈራው መስሎት ይህን ሁሉ ዘመን ደብቆ ይዞታል፤ በዚያ ቦታ ጅራታም ኮከብ ሲሰጣት ኖሯል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በሁለቱም ተናደድኩ፣ ሁለቱንም ወደድኳቸው።

ከኋላችን አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እናቴ አልሰማችውም። የአባቴን ፊት በሁለት እጆቿ ይዛ «በደንብ አየችኝ?» አለችው።

ጥቂት ቃሉን ጨርሶ ነበር። በጣቱ መሪውን አንዴ መታ።

እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሁለተኛ ምንጭ አልጠየቀችም።